ሙዳይ መስፋት ለጀማሪ፦ ከሣሩ እስከ ክዳኗ

አንዲት ትንሽ ሙዳይ ከነክዳኗ ለመስፋት ወስፌው ከ5 ሺህ ጊዜ በላይ ይወጋል። ይሄን የነገረኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ገበያ ላይ «ይቺን ለምታህል ዕቃ ይሄን ያህል ብር?» ብዬ ከአንዲት እናት ጋር ስከራከር ቆየሁና ቤት ገብቼ በወረቀት ሳሰላው አፈርኩ። ስሌቱን ወደ መጨረሻው አካባቢ ታገኙታላችሁ። አሁን ግን ወደ ሥራው እንግባ።

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ ሣርን ከሣር የማልለይ ሰው ነኝ። ስፌት ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። የጎጃም ሰው ናቸው። ልጅ ሳሉ ከብት እየጠበቁ ስንደዶ ይለቅሙ ነበር፤ አሁንም እጃቸው ባዶ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ቡና ተፈልቶ ወሬ እየተወራ እሳቸው ዓይናቸውን ሥራው ላይ እንኳ ሳያሳርፉ ይሰፋሉ። እዚህ የምጽፈው ከሳቸው ያየሁትንና በራሴ ጣት ያጠፋሁትን ነው። ሌላ አካባቢ የተማረ ሰው «እኛ እንዲህ አናደርግም» ቢል ትክክል ነው፣ ስፌት እንደ አገሩ ነው።

ለምን ሙዳይ?

ብዙ ሰው ሲጀምር የሚመኘው መሶብ ነው። ተዉት። መሶብ ሆዱ ሰፊ፣ እግሩ ሌላ ሥራ፣ ክዳኑ ደግሞ ሾጣጣ ስለሆነ ለብቻው አንድ ትምህርት ነው። አገልግል ቀላል ይመስላል፣ ግን ከላዩ ቆዳ ይለበሳል፤ የቆዳው ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሰፌድ ዝርግ ስለሆነ የሚቀል ይመስላችኋል፤ እህል የሚያነፍሱበት ዕቃ ግን ትንሽ ከተጣመመ ለምንም አይሆንም፣ ዝርግ ነገር ደግሞ ጥፋትን አይደብቅም። ሌማትም ያው ነው። እንቅብ ትልቅ ስለሆነ ገና ግማሽ ሳትደርሱ ትሰለቻላችሁ።

ሙዳይ ትንሽ ናት። ወለል አላት፣ ግድግዳ አላት፣ አፍ አላት፣ ክዳን አላት። ማለትም የመሶብን ትምህርት በሙሉ በእጅ መዳፍ ልክ ትሰጣችኋለች። ድሮ ሴቶች ጌጣቸውን ወይም የሚፈትሉትን ጥጥ ያስቀምጡባት ነበር። እኔ ቁልፍ፣ ሳንቲምና የጠፋ የጆሮ ጌጥ ጓደኛ አስቀምጥባታለሁ።

ሣሩ

ሁለት ሣር ትፈልጋላችሁ፣ አክርማና ስንደዶ። አክርማ የዳጉሳ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ሲጎትቱት አይበጠስም፣ እንደ ሽቦ እጅ ይቆርጣል። ስንደዶ ደግሞ ከዝሆን ሣር ወገን ሲሆን የምንፈልገው ቅጠሉን ሳይሆን አበባውን የሚሸከመውን ቀጭን ዘንግ ነው። ሲደርቅ ወርቅማ ይሆናል፣ ያብለጨልጫል።

ጠንካራው ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሚያብለጨልጨው ከላይ ይጠቀለላል። እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው። አክርማው እንደ አጥንት በጥቅል ይሄዳል፣ የተሰነጠቀው ስንደዶ እንደ ቆዳ ይሸፍነዋል። ሁለቱንም ሥራ በአንድ ሣር የሚሠሩ፣ ወይም አገላብጠው የሚጠቀሙ ባለሙያዎችም አሉ። ለመግባባት እንዲመቸን ውስጥ የሚገባውን «የውስጥ ሣር»፣ የሚጠቀለለውን «መስፊያ» እንበለው።

ለቀማው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ ነሐሴና መስከረም ላይ። ስንደዶ አይታጨድም፣ አንድ በአንድ ዘንጉ ከቅጠሉ መሀል ይመዘዛል። በደንብ ከመዘዛችሁት ጭው የሚል ድምፅ አውጥቶ ከሥሩ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። መሀል ላይ ከተበጠሰ አጭር ነው፣ ለስፌት አይበቃም። እትዬ እንደነገሩኝ ልጃገረዶቹ ማን ብዙ ነዶ ሰበሰበ እየተባባሉ ይወዳደሩ ነበር። የተለቀመው በነዶ ታስሮ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ጭስ በማይበዛበት ቦታ ይሰቀላል። እርጥቡን ሣር ከምራችሁ ካሳደራችሁት ይሻግታል፣ ጥቁር ነጥብ ይጥላል፤ ያ ነጥብ ደግሞ ታጥቦ አይወጣም።

ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ሜዳ ፍለጋ መሄድ አይጠበቅባችሁም። የባህል ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ፣ ለምሳሌ መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ፣ ጠይቁ፤ ወይም ስፌት የሚሸጡትን እናቶች ሣሩን ከየት እንደሚያገኙ ጠይቋቸው። ስትገዙ ሁለት ነገር ፈትኑ። አንዱን ዘንግ ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ያረጀ ነው። ቀጥሎ አሽትቱት። የምድር ቤት ሽታ ካለው ተዉት።

ሣር ጨርሶ ካጣችሁ ለልምምድ ያህል የማዳበሪያ ክር ይሆናል። ዛሬ ብዙ ሴቶች የማዳበሪያ ክርና ባለቀለም ፕላስቲክ እየሰፉ ይሸጣሉ፣ ውሃም አይፈራም። እኔ በግሌ ፕላስቲኩን አልወደውም፣ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ግን የሣር ችግር ባለበት «ባህላችን ጠፋ» ብሎ ሴቶቹን መውቀስ አያምርም። ግጦሹ እየታረሰ ስንደዶው ከየት ይምጣ?

መሣሪያው

ወስፌ ብቻ። ሹል ብረት ነው፣ የእንጨት ወይም የቀንድ እጀታ ያለው። ገበያ ላይ ካላገኛችሁ የተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ ቆርጦ ድንጋይ ላይ ስሎ እንጨት ውስጥ መቀርቀር ይቻላል፤ የእትዬ የራሳቸው ወስፌ እንዲህ የተሠራ ነው። ጫፉ ሹል ይሁን እንጂ ጎኑ ስለት ሊኖረው አይገባም። ስለት ካለው መስፊያውን ይቆርጥባችኋል። ወስፌው ሲከብድ እትዬ ፀጉራቸው ውስጥ ሻጥ አድርገው ያወጡታል፣ ቅቤው ያለሰልሰዋል። ቅቤ የማትቀቡ ከሆነ ጫፉን ሰም ላይ አሹት።

ከዚህ ሌላ መቀስ፣ ውሃ የያዘ ሳህን፣ እርጥብ ጨርቅ። በግራ እጃችሁ ጠቋሚ ጣት ላይ ደግሞ ፕላስተር ጠቅልሉ። ቀልዴን አይደለም፤ ወስፌው ወጥቶ የሚያርፈው እዚያች ጣት ላይ ነው።

ማርጠብና መሰንጠቅ

ደረቅ ስንደዶ አይሰፋም፣ ይሰበራል። በጣም የረሰረሰም አይሆንም፣ ምክንያቱም ውሃ የጠጣ ሣር ያብጣል፣ ስትሰፉት ጥብቅ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን ይኮማተርና ስፌቱ ይላላል። ለዛሬ የሚበቃችሁን ብቻ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ንከሩ፣ ከዚያ አውጥታችሁ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሉ። እየሠራችሁ ከጨርቁ አንድ አንድ ትመዛላችሁ። የተረፈውን ለነገ ብላችሁ እርጥቡን አታሳድሩ፣ ዘርግታችሁ አድርቁት።

አሁን መሰንጠቅ። የስንደዶውን ወፍራም ጫፍ በወስፌው ጫፍ ለሁለት ክፈቱት፣ ከዚያ ሁለቱን ክፋዮች በሁለቱ እጆች አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ልዩ። ስንጥቁ ወደ አንዱ ወገን ካደላ ወፍራሙን ወደ ውጭ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት፣ መስመሩ ይመለሳል። እትዬ አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ሌላውን በእጅ ይስባሉ፤ ፈጣን ነው፣ ጥርስ ላለው። ስፋቱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። ሁሉም እኩል መሆኑ ከቀጭንነቱ ይበልጣል። የመጀመሪያ ቀን ከአሥሩ ስድስቱን ታበላሻላችሁ። የተበላሸውን አትጣሉት፣ የውስጥ ሣር ውስጥ ይገባል።

እምብርቱ

መነሻውን እምብርት ነው የምለው፣ ስለሚመስል። ሰው ሁሉ ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ረጋ እንበል።

ከስምንት እስከ አሥር የሚሆን አክርማ ያዙ። አንድ ላይ ሲጨመቁ ግማሽ ሳንቲሜትር የማይሞላ ውፍረት ይኑራቸው፣ ከእርሳስ ቀጠን ያለ። ጫፋቸውን እኩል አትቁረጡ። አንዱ አጠር፣ አንዱ ረዘም ብሎ እንደ አይጥ ጭራ እየቀጠነ ይሂድ። ጫፉ ወፍራም ከሆነ መሀሉ ላይ ቀዳዳ ይቀራል።

አንድ መስፊያ ውሰዱና ጫፉን ከሣሩ ጋር አስተኙት። ከዚያ ከቀጭኑ ጫፍ ጀምራችሁ መስፊያውን በሣሩ ዙሪያ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ፣ ክር በክር ላይ ሳይደራረብ፣ ጎን ለጎን፣ ወደ 3 ሳንቲሜትር ያህል። የሚያብለጨልጨው ፊት ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነው። ከተገለበጠባችሁ ወዲያው ታውቃላችሁ፣ ይደበዝዛል።

አሁን የተጠመጠመውን ክፍል እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል ጠቅልሉት። የመጀመሪያዋ ክብ ከምስር ፍሬ ብዙ አትበልጥም። በግራ እጃችሁ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ጨምቃችሁ ያዙ፣ ወስፌውን መሀሏ ላይ ውጉ፣ መስፊያውን በቀዳዳው አሳልፉና ሳቡ። ደግሞ ውጉ፣ አሳልፉ፣ ሳቡ። አራት አምስት ጊዜ በዚያችው መሀል ቀዳዳ ካለፋችሁ በኋላ እምብርቱ ራሱን ችሎ ይቆማል።

የመጀመሪያውን ቀን አስታውሳለሁ። ሣሩ ይፈታል፣ እጠቀልለዋለሁ፣ ይፈታል። እትዬ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «አንቺ ልጅ፣ ሣሩን ነው የምትሰፊው ወይስ የምታንቂው?» አሉኝ። ትክክል ነበሩ፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምሠራው። ከዚያ ከእጄ ወስደው እንዳይፈታ የሚያደርገው ጉልበት ሳይሆን አያያዙ እንደሆነ አሳዩኝ። አውራ ጣት ከላይ ተጭኖ አይነሳም፣ የሚንቀሳቀሰው ቀኝ እጅ ብቻ ነው። ግራ እጅ ሞተ ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ሦስት እምብርት አስፈቱኝ፣ አራተኛውን ዓይተው ዝም አሉ። የሳቸው ዝምታ ማድነቅ ነው።

ወለሉ

አሁን ሥራው ይደጋገማል። የውስጥ ሣሩ በቀደመው ዙር ጎን ይተኛል። ወስፌው የቀደመውን ዙር የላይኛ ጠርዝ ይወጋል፤ በሁለቱ ዙሮች መሀል ባለው ክፍተት ሳይሆን የሣሩን ሥጋ ትንሽ ይዞ። መስፊያው በቀዳዳው ይገባል፣ አዲሱን ሣር ይጠቀልላል፣ ይሳባል። በክፍተቱ ብቻ የምታሳልፉ ከሆነ ዕቃው ሲነኩት እንደ ገመድ ይወዛወዛል። ሥጋውን የያዘ ስፌት ግን ጣውላ ነው።

ክቡ በሰፋ ቁጥር የስፌቱም ቁጥር መጨመር አለበት። ግማሽ ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ዙር በተጨመረ ቁጥር የክቡ ዙሪያ ከ3 ሳንቲሜትር ትንሽ በላይ ይረዝማል። በሳንቲሜትር አምስት ስፌት የምትሰፉ ከሆነ በየዙሩ 15 ገደማ አዲስ ስፌት ያስፈልጋል ማለት ነው። መቁጠር ግዴታ አይደለም። በሁለት ስፌቶች መሀል የውስጡ ሣር ብልጭ ብሎ ከታየ እዚያ አንድ ጨምሩ፣ በዚያው ቀዳዳ ሁለት ጊዜ በማለፍ።

መስፊያ ሲያልቅ አትቋጥሩ። ስፌት ውስጥ ቋጠሮ የለም። 5 ሳንቲሜትር ሲቀር ጫፉን ከውስጥ ሣሩ ጋር አስተኙት፣ አዲሱን መስፊያ ደግሞ ቀድማችሁ ሣሩ ውስጥ ሻጥ አድርጉና በሁለቱም ላይ ስፉ። የውስጥ ሣሩም እንዲሁ ነው፤ መሳሳቱን ሳትጠብቁ አንድ አንድ እያላችሁ መሀል ለመሀል ጨምሩ። አሥሩም በአንዴ ካለቁና አሥር በአንዴ ከጨመራችሁ ዕቃው ላይ እባጭ ይወጣል። በየጥቂት ስፌቱ ሣሩን በጣታችሁ ጨመቅ አድርጉና ውፍረቱ ያው መሆኑን እዩ። ዓይን ይሸወዳል፣ ጣት ግን አይሸወድም።

ወለሉ ሁለት ዓይነት በሽታ ይይዘዋል። እንደ ሳህን ወደ ላይ ከጎበጠ መስፊያውንም ሣሩንም ከመጠን በላይ እየሳባችሁ ነው፤ አዲሱ ዙር አጥሮ መሀሉን ያፍነዋል። ጠርዙ እንደ ቀሚስ ጫፍ ከተጥመለመለ ደግሞ ሣሩን አላልታችሁታል። ጥቂት ከሆነ በውሃ አርጥቡና ዝርግ ቦታ ላይ ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት። እትዬ መጅ ይጭኑበታል። ሁለትና ሦስት ዙር ያህል ከተበላሸ ግን መጅም አያድነውም፣ ፍቱት። መፍታት ያማል፣ አውቃለሁ።

ወለሉ 10 ሳንቲሜትር ሲደርስ፣ ማለትም ከአሥር ዙር በኋላ፣ ቁሙ።

ግድግዳው

ወደ ላይ ለመውጣት የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲሱን ዙር ከቀደመው ጎን ማስተኛት ትታችሁ ከላዩ ታስቀምጡታላችሁ። ወስፌው አሁን ከውጭ ወደ ውስጥ ይወጋል። ዕቃውን ገልብጣችሁ ያዙት፣ የውጭው ፊት ወደ እናንተ ይሁን፣ ምክንያቱም የሚታየው እሱ ነው።

በዚህ ጊዜ ስፌት መጨመር ታቆማላችሁ። የቀደመው ዙር 150 ስፌት ከነበረው ይሄም 150 ነው። ከጨመራችሁ አፉ ይሰፋል፣ ከቀነሳችሁ ይጠብባል። ባለሙያዎች ሙዳይን ወገቧ ላይ ሞላ፣ አፏ ላይ ሰብሰብ የሚያደርጓት በዚህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ያለ ግድግዳ በቂ ነው። በየሁለት ዙሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በዓይናችሁ ትይዩ እዩት። የኔ የመጀመሪያዋ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግራ አዘንብላ ነበር፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ በአንድ ወገን ጠንክሬ እስብ ነበር።

16 ዙር ሲሆን 8 ሳንቲሜትር ቁመት ትደርሳላችሁ።

አለላው

ቀለም የተነከረው ሣር አለላ ይባላል። ቆንጆ ሰው «አለላ ገላ» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ግን የመጀመሪያዋን ሙዳይ ያለ ቀለም ስሩ ብዬ እለምናችኋለሁ። ቀለም ጥፋትን ያደምቃል። ሁለተኛዋ ላይ የምትፈልጉትን አድርጉ።

ማቅለሙ እንዲህ ነው። ዱቄት ቀለም ገበያ ላይ በትንሽ በትንሹ ይሸጣል። ለምግብ የማትጠቀሙበት ድስት ውስጥ ውሃ አፍሉ፣ ቀለሙን በደንብ አሟሙ፣ የተሰነጠቀውንና የረጠበውን ስንደዶ በልል ነዶ አስራችሁ ክተቱ። ነዶው ከጠበቀ መሀሉ ቀለም አይጠጣም። ከሚገባው በላይ የጠቆረ እስኪመስላችሁ አቆዩት፣ ሲደርቅ ይፈዛል። አውጥታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ። ከዚያ ጥላ ላይ አድርቁ። ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል። ከመስፋታችሁ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አሹት፤ ጨርቁን ከቀባ እንደገና እጠቡት፣ አለበለዚያ ቀዩ ከጎኑ ያለውን ነጭ ሣር ሮዝ አድርጎባችሁ ያርፋል።

ንድፉ የሚመጣው ከቁጥር ነው። ዙሩን በአራት ክፈሉ፣ በየሩቡ ላይ ባለቀለም ክር አስራችሁ ምልክት አድርጉ። በየምልክቱ አምስት ስፌት ቀይ ብትሰፉና በሚቀጥለው ዙር አንድ ስፌት ወደ ቀኝ ብትገፉት ቀዩ እየተጠማዘዘ ይወጣል። በሚቀጥለው ዙር ከሁለቱም ጎን አንድ አንድ ብትጨምሩ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ መልሳችሁ ብትቀንሱ አልማዝ። በተራው የማይሰፋው መስፊያ አይቆረጥም፣ ከውስጥ ሣሩ ጋር ተኝቶ ተደብቆ ይጓዛል፣ ተራው ሲደርስ ብቅ ይላል። ይሄን ሳውቅ ነው ባለሙያ ሴት ምን እንደሆነች የገባኝ። ወረቀት የለም፣ ሥዕል የለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ገብቶ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ስፌቶች ያየ ሰው እያንዳንዷ ኮከብ በጭንቅላት ተቆጥራ የወጣች መሆኗን ያስብ። እትዬን ንድፉን ከየት እንደሚያመጡት ስጠይቃቸው «እጄ ያውቃል እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያው «ሰባተኛው ላይ ስተሻል፣ ፍቺው» አሉ፣ ከተቀመጡበት ሆነው።

አፉና ክዳኗ

አፉ ላይ ስትደርሱ የውስጥ ሣሩን በአንዴ አትቁረጡት። መጀመሪያ ላይ እንዳደረጋችሁት አንድ አንድ እየቆረጣችሁ አቅጥኑት፣ የመጨረሻዎቹ 5 ሳንቲሜትሮች ላይ ሣሩ እየሳሳ ከቀደመው ዙር ጋር ይዋሃድ። ከዚያ መስፊያውን በቀደሙት ሦስት አራት ስፌቶች ሥር አሳልፉና ሳቡ፣ ቁረጡ። ጠንቃቃ ሰው አፉን በሌላ መስፊያ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ ዙር ይደግመዋል። ያኔ ጠርዙ እንደ ሹሩባ ይሆናል፣ ቶሎም አይላላም።

ክዳን ከመጀመራችሁ በፊት ሙዳዩዋ ሙሉ በሙሉ ትድረቅ። እኔ አልጠበቅኩም። በእርጥቧ ላይ ለክቼ የሰፋሁት ክዳን ሙዳዩዋ ስትደርቅ እንደ አባት ባርኔጣ ሰፋባት። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ እልህ ይዞኝ አጥብቤ ሰፋሁት፣ አልገባም። እሱ አሁን የሳሙና ማስቀመጫ ነው።

ክዳኑ ከውጭ የሚለብስ ከሆነ ዝርጉ ከሙዳዩዋ አንድ ዙር ይበልጣል፣ 11 ሳንቲሜትር እና ትንሽ ሲያልፍ። ከዚያ ወደ ታች ስድስት ዙር፣ 3 ሳንቲሜትር ያህል፣ እየለካችሁ ስፉ። በየዙሩ ልበሱት፣ አውልቁት። ወረቀት በመሀል ሻጥ ቢደረግ የሚያስገባ ያህል ክፍተት ይበቃል። መሀሉ ላይ መያዣ ካስፈለጋችሁ እምብርቱን ስትጀምሩ ዝርግ ከማድረግ ይልቅ ሁለት ሦስት ዙር ወደ ላይ አስነሱትና ከዚያ ዘርጉት።

የተጠናቀቀችውን ሙዳይ አየር ባለበት ጥላ ላይ ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጧት። የወጡ ጫፎችን በመቀስ ከርክሙ፣ ግን ከሥራቸው አይሁን፣ ይመዘዛሉ። ስትቆሽሽ ውሃ ውስጥ አትንከሯት። በደረቅ ብሩሽ ጥረጓት፣ ቢብስ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ። እርጥብ ነገር አትክተቱባት፤ ስፌትን የሚገድለው ሻጋታ ነው።

አሁን ስሌቱ

ወለሏ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው፣ ግማሽ ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጥቅል ተዘርግቶ ቢለካ 1.6 ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳዋ 16 ዙር፣ 5 ሜትር። የክዳኑ ዝርግ 1.9፣ ጠርዙ 2.1። ሲደመር 10.6 ሜትር። በሳንቲሜትር አምስት ስፌት፣ 5,300። ጀማሪ በደቂቃ አንድ ቢሰፋ 88 ሰዓት ነው። በደቂቃ አራት የምትሰፋ ሴት 22 ሰዓት ይፈጅባታል፣ ሳትነሳ፣ ልጅ ሳያለቅስባት፣ ወጥ ሳይገነፍልባት። ለቀማው፣ ማድረቁ፣ መሰንጠቁ፣ ማቅለሙ አልተቆጠረም። በዚሁ ውፍረት የተሰፋ 50 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ዝርግ ብቻውን 39 ሜትር ነው፣ ወደ 20 ሺህ ስፌት። እንግዲህ የመሶቡን እናንተው ገምቱት።

ስለዚህ የምትሸጡ ከሆነ ዋጋ ስትቆርጡ ከጎረቤት ዕቃ ዋጋ አትነሱ። የምትሠሩበትን ሰዓት በአንድ ሳምንት ውስጥ ደብተር ላይ መዝግቡ፣ እናንተ አካባቢ ልብስ የሚያጥብ ወይም የሚያጸዳ ሰው የሚከፈለውን የቀን ሒሳብ ውሰዱ፣ በሰዓት አካፍሉ፣ በሥራ ሰዓታችሁ አባዙ፣ ሣሩንና ቀለሙን ጨምሩ። የሚወጣው ቁጥር ያስደነግጣል። ገበያው ላይከፍለው ይችላል፤ ግን ቢያንስ ስትቀንሱ ከምን ላይ እንደምትቀንሱ ታውቃላችሁ። ትንንሽ ነገሮች፣ እንደ ሙዳይና የብርጭቆ ማስቀመጫ ያሉት፣ ቶሎ ይሸጣሉ። መሶብና ሞሰበ ወርቅ በትዕዛዝ ቢሆን ይሻላል፣ ቀብድ ተቀብላችሁ። ምግብ በአገልግል አድርገው የሚልኩ ቤቶች እየበዙ ስለሆነ አገልግል ለሚሰፉ እዚያ ሥራ አለ፤ ልኩን ቀድማችሁ ጠይቁ እንጂ።

የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ገልብጣችሁ እዩ። ወለሉን ከሥር በጣታችሁ ዳብሱ፣ እምብርቱ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ለማየት ብርሃን ላይ ያዙት። ስፌቶቹ ጥቅጥቅ ያሉ ከሆነ የውስጥ ሣሩ አይታይም። እርጥብ ጣት ቀለሙ ላይ አሹ። ይሄን ሁሉ አልፎ ከተገኘ ዋጋ ስትጠይቁ ትንሽ ረጋ በሉ። የዚያችን የገበያዋን እናት በኋላ ፈልጌ አግኝቻት ሌላ ሙዳይ ገዛኋት፤ ዋጋውን ስትነግረኝ ከፈልኩ፣ እሷ ግን እንደምከራከራት እርግጠኛ ስለነበረች መጀመሪያ ከፍ አድርጋ ነበር የጠራችው። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ራሷ ቀነሰችልኝ።

የኔዋ የመጀመሪያ ሙዳይ መደርደሪያው ላይ አለች፣ ወደ ግራ አዘንብላ፣ ሁለት ክዳን ተበላሽቶ በሦስተኛው ተከድና። ውስጧ ወስፌው አለ።